ዩራኒየሙን ምን ይያዘው? የሪአክተር ነዳጅ ዘንግ ንድፍ ከ1942 እስከ ዛሬ

ስለ ኑክሌር ኃይል ክርክር ሲነሣ በብዛት የሚወራው ስለ ማመንጫው ዋጋ፣ ስለ ኮንክሪቱ ጉልላትና ስለ ያገለገለው ነዳጅ መቅበሪያ ነው። ነዳጁ ራሱ እንዴት እንደተሠራ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሆኖም አደገኛዎቹ ንጥረ ነገሮች ሁሉ የሚፈጠሩት በነዳጁ ውስጥ ነው፤ እንዳይወጡ የሚያግዳቸው የመጀመሪያው አጥርም ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም የማይበልጥ የዘንግ ሽፋን ነው። በአሜሪካው ስሪ ማይል አይላንድም ሆነ በጃፓኑ ፉኩሺማ ማመንጫ አደጋ ነገሩ ከእጅ የወጣው ይህ ሽፋን በተሸነፈበት ሰዓት ነው።

ይህ ዳሰሳ የነዳጅ ዘንግ ንድፍ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ ዛሬ የሚፎካከሩት አማራጮች የቆሙበት ማስረጃ ምን ያህል ጽኑ እንደሆነና ያልተዘጉት ጥያቄዎች የትኞቹ እንደሆኑ ይመለከታል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብረት የነበረው ጅምር

ታኅሣሥ 2 ቀን 1942 ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ በቺካጎ የመጀመሪያውን ራሱን የሚያስቀጥል የኑክሌር ሰንሰለት ሲያስነሡ ነዳጁ ሽፋን አልነበረውም። በግራፋይት ጡቦች መካከል የተሰደረ የዩራኒየም ብረትና ኦክሳይድ ነበር። የሚፈጠረው ሙቀት እጅግ ትንሽ ስለነበር ማቀዝቀዣም አላስፈለገውም።

የሽፋን ጥያቄ የመጣው ከኃይል ጋር ነው። በ1944 ሥራ የጀመረው የአሜሪካው ሃንፎርድ ሪአክተር በወንዝ ውኃ ይቀዘቅዝ ስለነበር፣ ዩራኒየሙ ውኃ እንዳይነካው በአሉሚኒየም መታሸግ ነበረበት። ሽፋኑንና ብረቱን ያለ አንዳች ክፍተት ማጣበቅ መሐንዲሶቹን ለወራት አስቸግሯል። ክፍተት ካለ ሙቀቱ አይወጣም፤ ሙቀቱ ካልወጣ ዘንጉ ያብጣል፤ ያበጠው ዘንግ ደግሞ የውኃውን መንገድ ይዘጋል። ዛሬም ድረስ ንድፍ አውጪዎች የሚታገሉት ከዚሁ ሰንሰለት ጋር ነው።

የዩራኒየም ብረት ሌላም ጠባይ አለው። ክሪስታሉ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፤ በኒውትሮን ሲደበደብ በአንድ በኩል ይረዝማል፣ በሌላው ይኮማተራል። 668 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ የክሪስታሉ አደረጃጀት ራሱ ይለወጣል። ብረቱ ሲቀጣጠል ምን እንደሚያመጣ ዓለም ያየው በጥቅምት 1957 በእንግሊዙ ዊንድስኬል ነው። በዚያ ሪአክተር አሉሚኒየሙ ኒውትሮን እንዳይሻማ ተብሎ የዘንጎቹ የማቀዝቀዣ ክንፎች ቀደም ብለው ተከርክመው ነበር። ስለ እሳቱ መነሻ የሚቀርቡት ማብራሪያዎች የተለያዩ ናቸው። የክንፎቹ ነገር ግን የዘርፉን መሠረታዊ ውጥረት በግልጽ ያሳያል፤ ዘንጉን ለመጠበቅ የሚጨመር እያንዳንዱ ግራም ብረት ከሰንሰለቱ ኒውትሮን ይሰርቃል።

ብሪታንያ ለዚህ ውጥረት የሰጠችው መልስ ከማግኒዚየም የሚቀየጠው ማግኖክስ ነበር። ኒውትሮን እምብዛም ስለማይውጥ ያልበለጸገ ዩራኒየም ለመጠቀም አስችሏል፤ በ1956 የተመረቀው ካልደር ሆል የሠራው በእሱ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ማግኖክስ የሚቀልጠው 650 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ የማመንጫው ሙቀት ከፍ ሊል አይችልም፤ ያገለገለው ዘንግም በውኃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ይዝጋል።

ኦክሳይድና ዚርኮኒየም እንዴት አሸነፉ

ዛሬ የዓለም የኃይል ሪአክተሮች በአብዛኛው የሚነዱት በዩራኒየም ዳይኦክሳይድ እንክብልና በዚርኮኒየም ቱቦ ነው። ይህ ምርጫ የተወለደው ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ነው። አድሚራል ሃይማን ሪኮቨር ለሰርጓጅ መርከብ የሚሆን ሪአክተር ሲያሠራ፣ ሙቅ ውኃን የሚቋቋምና ኒውትሮንን የሚያሳልፍ ብረት ፈለገ። ዚርኮኒየም ሁለቱንም ያሟላል፤ ችግሩ በማዕድኑ ውስጥ ሁልጊዜ አብሮት የሚገኘው ሃፍኒየም ነው። ሃፍኒየም በኬሚስትሪ መንትያው ሊባል የሚችል ሲሆን ኒውትሮንን ግን ከእሱ በመቶዎች እጥፍ ይውጣል። ሁለቱን በፋብሪካ ደረጃ መለየት ባይቻል ኖሮ የዛሬው ዘንግ አይኖርም ነበር። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮ፣ ብረት፣ ክሮሚየምና ኒኬል በጥቂቱ ተጨምረውበት ዚርካሎይ-2 ተገኘ፤ ኒኬሉ ሲወጣለት ደግሞ ሃይድሮጂን አነስ አድርጎ የሚስበው ዚርካሎይ-4።

የኦክሳይዱ ምርጫ በመጀመሪያ ሲታይ እንግዳ ነው። ሙቀት በማስተላለፍ ከብረቱ እጅግ ያንሳል፤ በአንድ ሊትር የሚይዘው ዩራኒየምም ያነሰ ነው። ነገር ግን የሚቀልጠው ወደ 2,850 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከውኃ ጋር አይጣላም፤ ከሁሉም በላይ ክሪስታሉ አቶሙ ሲሰነጠቅ የሚወለዱትን አዳዲስ ንጥረ ነገሮች ቅርጹን ሳያጣ ያስተናግዳል። በ1957 ኃይል ማመንጨት የጀመረው የአሜሪካው ሺፒንግፖርት በከፊል ይህንኑ ጥምረት ይዞ ተነሣ። ሌሎች ቀደምት ማመንጫዎች በዚያው ዘመን የማይዝግ ብረት ሽፋን ሞክረዋል፤ ብሪታንያም በኋለኞቹ በጋዝ የሚቀዘቅዙ ሪአክተሮቿ ያዘችው። በውኃ ሪአክተሮች ግን ዚርኮኒየም ያሸነፈው በጥንካሬ አይደለም፤ ነዳጁን ያን ያህል ማበልጸግ ስለማይጠይቅ ርካሽ ሆኖ ነው። ይህ የሂሳብ ድል መሆኑን መያዝ ያስፈልጋል፤ የዛሬው ክርክር ወደዚሁ ሂሳብ ይመለሳልና።

በዘንጉ ውስጥ የሚሆነው

በተለመደው የውኃ ሪአክተር ውስጥ እንክብሉ ዲያሜትሩ 8 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር በሚጠጋ፣ ውጫዊ ስፋቱ 9.5 ሚሊሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ ይደረደራል። ክፍተቱ በሂሊየም ይሞላል፤ ጫፎቹ በብየዳ ይዘጋሉ። 17 በ17 በሆነ ጥቅል ውስጥ 264 ዘንጎች አሉ። ውጭ ያለው ውኃ 300 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ከከባቢ አየር በ150 እጥፍ የሚበልጥ ግፊት አለው። ከእንክብሉ እምብርት እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት 4 ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ የሙቀት ልዩነቱ በመቶዎች ዲግሪ ይቆጠራል። እንክብሉ ገና በመጀመሪያው ቀን የሚሰነጣጠቀው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚከተለውን የዘርፉ ሰዎች የተማሩት በውድቀት ነው። በ1960ዎቹ እንክብሉ ውስጥ የቀረ እርጥበት ሽፋኑን ከውስጥ በሃይድሮጂን እየበላ በሳው፤ መፍትሔው በፋብሪካ ማድረቅ ሆነ። በ1972 በኒው ዮርኩ ጊና ማመንጫ እንክብሎቹ በሥራ ላይ እየጠበቡ ክፍተት ፈጥረው፣ ሽፋኑ በውኃው ግፊት ወደ ውስጥ ተጨራምቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ እንክብሉ በደንብ ተጠቅጥቆ ይጋገራል፣ ዘንጉም አስቀድሞ በሂሊየም ግፊት ይሞላል። ኃይል በፍጥነት ሲጨምር ደግሞ እንክብሉ አብጦ ሽፋኑን ይገፋል፤ በዚያው ላይ የአቶም መሰንጠቅ ውጤት የሆነው አዮዲን ብረቱን ይቦረቡራል። ለዚህም እንክብሉ በጫፎቹ ጎድጎድ እንዲል ተደረገ፣ በፈላ ውኃ ሪአክተሮች ዘንግ ውስጥ ለስላሳ የዚርኮኒየም ገበር ገባ፣ ኃይል የሚጨመርበት ፍጥነትም ተገደበ።

እነዚህ ሦስቱ የተፈቱ ጥያቄዎች ናቸው ማለት ይቻላል። የሃይድሮጂኑ ጥያቄ ግን ከፊሉ ክፍት ነው። ሽፋኑ ከውኃ ጋር ቀስ እያለ ሲዝግ ከሚለቀቀው ሃይድሮጂን ጥቂቱን ይስባል፤ በውስጡም እንደ ስስ ስንጥር ተደርድሮ ብረቱን ተሰባሪ ያደርገዋል። ኒዮቢየም ያለባቸው አዳዲስ ቅይጦች፣ የፈረንሳዩ ኤም-5፣ የአሜሪካው ዚርሎና የሩሲያው ኢ-110፣ ዝገቱን በእጅጉ ቀንሰውታል። ነዳጁን ዛሬ ከቀድሞው እጥፍ ሊሆን ለሚቃረብ መጠን መጠቀም የተቻለው በእነሱ ነው።

ማስረጃው የሚለያይባቸው ቦታዎች

የነዳጅ ደኅንነት ወሰኖች ቁጥር ናቸው፤ ቁጥሮቹ ደግሞ ታሪክ አላቸው። ከ1974 ጀምሮ የሚሠራው የአሜሪካ ደንብ፣ ማቀዝቀዣ ውኃ ሲጠፋ ሽፋኑ ከ1,204 ዲግሪ እንዳያልፍና ከውፍረቱ ከ17 በመቶ በላይ ኦክሳይድ እንዳይሆን ያዛል። የተመሠረተው በአብዛኛው በአዲስና ባልተጠቀሙበት ቱቦ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ነው። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ለዓመታት ሠርቶ ሃይድሮጂን የሳበ ቱቦ 17 በመቶ ከመድረሱ በፊት ተሰባሪ እንደሚሆን አሳዩ። ይህንን ወደ ደንቡ ለማስገባት የተዘጋጀው ረቂቅ ሳይጸድቅ ብዙ ዓመት ተንከባሏል። በእኔ ግምት ይህ መዘግየት ከየትኛውም የቴክኒክ ክፍተት የባሰ ነው፤ ማስረጃው ሲኖር ወሰኑ ቆሞ መቅረት አልነበረበትም።

ሁለተኛው የክርክር ቦታ ድንገተኛ የኃይል ፍንዳታን ይመለከታል። የመቆጣጠሪያ ዘንግ በድንገት ቢወጣ እንክብሉ በሚሊሰከንዶች ይግላል። የቀድሞው የአሜሪካ ወሰን በግራም 280 ካሎሪ ነበር። በ1993 በፈረንሳዩ ካብሪ ሪአክተር የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ግን፣ ለረጅም ጊዜ ያገለገለ ዘንግ በግራም 30 ካሎሪ አካባቢ ሲሰበር አሳየ። አንዳንዶች ዘንጉ ከሙከራው በፊት በነበረው አያያዝ የሃይድሮጂን ስንጥሮቹ አቅጣጫ ተለውጦ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ውጤቱን እንዳለ ሊያዝ የሚገባ ማስጠንቀቂያ አድርገው ይወስዱታል። በኋላ የተደረጉት ሙከራዎች ያን ያህል ዝቅተኛ ቁጥር ባያሳዩም፣ ወሰኖቹ ከዚያ ወዲህ በሃይድሮጂን መጠን ተመዝነው ዝቅ ብለዋል።

ሦስተኛው ከሁሉም ትኩስ ነው። እንክብል ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ጠርዙ ላይ ቅንጣቶቹ ተሰባብረው ከ10 ማይክሮሜትር ወደ አንድ አምስተኛ ማይክሮሜትር ገደማ ይወርዳሉ፤ በመካከላቸው ጋዝ ያዘሉ ቀዳዳዎች ይሞላሉ። በ2006 በኖርዌይ ሃልደን ሪአክተር፣ በቶን ከ90 ጊጋዋት-ቀን በላይ (ይህ ከአንድ ቶን ነዳጅ የወጣው ኃይል መለኪያ ነው) ያገለገለ ዘንግ ማቀዝቀዣ ውኃ እንደጠፋበት ተደርጎ ሲሞቅ፣ ሽፋኑ አብጦ ፈነዳ፤ እንክብሉም ዱቄት ሆኖ ወጣ። የደኅንነት ስሌቶቹ ግን ነዳጁ በዘንጉ ውስጥ እንደሚቀር ቆጥረው የተሠሩ ነበሩ። እንክብል መድቀቅ የሚጀምርበት መጠን የት ነው? በቶን 55 ጊጋዋት-ቀን ነው ወይስ ከ65 በላይ? መልሱ በሙቀቱ ፍጥነትና በዘንጉ የኃይል ታሪክ ይለያያል፤ ሁሉን የሚያስማማ ቁጥር የለም። የአሜሪካ ኩባንያዎች ነዳጅ የሚለወጥበትን ጊዜ ከ18 ወደ 24 ወር ለማራዘም ለዓመታት የቆየውን የ62 ጊጋዋት-ቀን ወሰን ለማለፍ ይፈልጋሉ። ይህንን ጥያቄ ሲመረምር የኖረው የሃልደን ሪአክተር ደግሞ በ2018 ተዘግቷል። ጥያቄው በገፋበት ሰዓት መጠየቂያው መዘጋቱ ለዘርፉ ትልቅ ጉዳት ነው። በአሜሪካዋ አይዳሆ በ2017 ዳግም የተነሣው የትሪት የሙከራ ሪአክተር የጎደለውን በከፊል ይሞላል እንጂ ሃልደንን አይተካም።

ከፉኩሺማ በኋላ፦ መለበጥ ወይስ መተካት

ዚርኮኒየም ከ1,200 ዲግሪ ሲያልፍ ከእንፋሎት ጋር በኃይል ይዋሃዳል፤ ሙቀት ይጨምራል፣ ሃይድሮጂንም ይለቃል። በመጋቢት 1979 በስሪ ማይል አይላንድ ይህ ታይቷል። በመጋቢት 2011 በፉኩሺማ ግን ሃይድሮጂኑ የሪአክተር ሕንፃዎችን ጣሪያ አፈነዳ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት አደጋን የሚቋቋም ነዳጅ እንዲሠራ በጀት መደበ። ከዚያ ወዲህ ሦስት መንገዶች ተለይተዋል።

የመጀመሪያው ያለውን ቱቦ በስስ ክሮሚየም መለበጥ ነው። ልባጩ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ውፍረት አለው፤ ዝገትን ይቀንሳል፣ ከመፋቅም ይጠብቃል። ከ2018 ጀምሮ የተለበጡ ዘንጎች በአሜሪካዎቹ ሃች፣ ቮግልና ባይሮን ማመንጫዎች ገብተው ተፈትነዋል። ይሁንና ሽፋኑ አብጦ ሲፈነዳ እንፋሎት በውስጥ በኩል ይገባል፤ ውስጡ ደግሞ አልተለበጠም። ከ1,330 ዲግሪ በላይም ክሮሚየሙና ዚርኮኒየሙ አብረው ይቀልጣሉ። ስሌቶቹ የሚሰጡት ትርፍ እንደ አደጋው ዓይነት ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓታት ነው። ኦፕሬተር ፓምፕ ለማስነሣት ለሚሯሯጥበት ምሽት ደቂቃም ዋጋ አላት፤ ነገሩን ግን ከዚህ በላይ አግዝፎ ማቅረብ ትክክል አይደለም።

ሁለተኛው ብረት፣ ክሮሚየምና አሉሚኒየም ያለበት ቅይጥ ነው። በእንፋሎት ውስጥ ከዚርኮኒየም በብዙ እጥፍ ቀስ ብሎ ይዋሃዳል። ኒውትሮን ስለሚውጥ ግን ቱቦው መሳሳት፣ ነዳጁ ደግሞ የበለጠ መበልጸግ አለበት፤ ትሪቲየምም በቀላሉ ሾልኮት ወደ ውኃው ይገባል። ቀደም ሲል የማይዝግ ብረትን ያስወጣው ሂሳብ ተመልሶ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ሲሊኮን ካርባይድ ነው። ሙቀትን በመቋቋም ተወዳዳሪ የለውም፤ ኒውትሮንም እምብዛም አይውጥም። ነገር ግን እንደ ብረት ተለጥጦ ጉዳት አይሸከምም፣ ጫፉን ጋዝ እንዳያስወጣ አድርጎ መዝጋት ከባድ ነው፣ በሙቅ ውኃም ውስጥ ቀስ እያለ ይሟሟል። ተስፋው ከሁሉም ትልቅ ነው፤ ማስረጃው ከሁሉም ሩቅ።

እንክብሉን ራሱን ለመለወጥ የተሞከረውም በዚሁ መንገድ ተጉዟል። ዩራኒየም ሲሊሳይድ ሙቀትን በተሻለ ያስተላልፋል፣ ዩራኒየምም በብዛት ይይዛል። ሽፋኑ ከተቀደደ ግን ከሙቅ ውኃ ጋር በፍጥነት ይጣላል። በመሆኑም ገበያው ያዘነበለው ክሮሚየም ኦክሳይድ በጥቂቱ ወደተጨመረበት የተለመደ እንክብል ነው። መለበጡም ሆነ ይህ ጭማሪ አሁን የሚሸጡት ከአደጋ መከላከል ይልቅ ነዳጅን ረዘም አድርጎ በመጠቀም ትርፍ ነው። ዓላማው መንገድ ላይ ተለውጧል፤ ለደኅንነት የተገኘው ትርፍ በረጅም አጠቃቀም ተመልሶ እንዳይበላ የሚቆጣጠረው ማን እንደሆነ በግልጽ መጠየቅ አለበት።

ቱቦውን የተዉት ንድፎች

ከውኃ ሪአክተር ውጭ ሁለት የቆዩ መንገዶች እንደገና እየተነሡ ነው። አንደኛው ትሪሶ የሚባለው ፍሬ ነው። ስፋቱ 1 ሚሊሜትር የማይሞላ፣ የጤፍ ፍሬ የሚያክል እንክብል ሲሆን፣ ዩራኒየሙ በካርቦንና በሲሊኮን ካርባይድ ድርብርብ ልባጭ የታሸገ ነው። በብሪታንያው ድራጎን፣ በጀርመኑ ኤቪአር፣ በአሜሪካው ፎርት ሴንት ቭሬይን ታሪክ አለው። በታኅሣሥ 2023 የቻይናው የሺዳዋን ማመንጫ በዚህ ነዳጅ የንግድ ሥራ ጀመረ። በአይዳሆ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተደረጉት ሙከራዎች ፍሬው በ1,600 ዲግሪ ለመቶዎች ሰዓታት ሲቆይ እጅግ ጥቂት ብቻ እንደሚያፈስ አሳይተዋል። ይህ በዘርፉ ካሉት ማስረጃዎች ጠንካራው ነው። ሆኖም ማስረጃው የሚመሰክረው በጥንቃቄ ለተሠራ ፍሬ ነው። በኤቪአር በ1986 በተደረገ ልኬት ፍሬዎቹን የያዙ አንዳንድ የነዳጅ ኳሶች ከተሰላው በላይ መሞቃቸው ታውቋል፤ ሪአክተሩም ከሚጠበቀው በላይ ተበክሏል። ስለዚህ የፍሬው ጥራትና የሪአክተሩ ትክክለኛ ሙቀት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ አንዱን የመለሰ ሌላውን አልመለሰም።

ሁለተኛው ወደ ብረት መመለስ ነው። በአይዳሆው ኢቢአር-2 ሪአክተር የመጀመሪያዎቹ የብረት ዘንጎች ትንሽ እንደሠሩ አብጠው ሽፋናቸውን ያስጨንቁ ነበር። መሐንዲሶቹ ማበጡን ለመከልከል መታገሉን ትተው ቦታ ሰጡት፤ ከቱቦው ውስጥ ሩብ ያህሉን ባዶ ተዉት፣ ክፍተቱንም በሶዲየም ሞሉት። ብረቱ ሲያብጥ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ተገናኝተው ጋዙን ያስወጣሉ፣ ግፊቱም ይረግባል። የዘንጉ ዕድሜ በብዙ እጥፍ ጨመረ። በሚያዝያ 3 ቀን 1986 የሪአክተሩ ፓምፖች ሆን ተብለው ቆመው፣ የመዝጊያው ሥርዓትም ታግዶ፣ ሪአክተሩ በራሱ ቀዘቀዘ። ከዘርፉ ንድፎች ሁሉ የበለጠ የማደንቀው ይህንን ነው፤ መፍትሔው የተገኘው ከአዲስ ቁስ ሳይሆን የነዳጁን ጠባይ ከመቀበል ነውና። ድክመቱም የታወቀ ነው፤ ከ700 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ዩራኒየሙና የሽፋኑ ብረት አብረው መቅለጥ ይጀምራሉ።

አዲሶቹ የአሜሪካ ንድፎች በሁለቱም መንገድ ከ5 በመቶ በላይ፣ 20 በመቶ እስከሚጠጋ የበለጸገ ዩራኒየም የሚጠይቁ ናቸው። ይህን ለረጅም ጊዜ በንግድ ደረጃ ያቀረበችው ሩሲያ ብቻ ስትሆን፣ አሜሪካ በ2023 ያመረተችው የመጀመሪያው መጠን 20 ኪሎግራም ነበር።

ዘንጉ የሚያስረው ውል

የነዳጅ ንድፍ የፖለቲካም ጉዳይ ነው። የሩሲያው ቪቪኢአር-1000 ሪአክተር ባለ ስድስት ማዕዘን ጥቅል 312 ዘንጎች ይይዛል፤ የምዕራቡ ባለ አራት ማዕዘን ጥቅል በውስጡ አይገባም። ቼክ ሪፐብሊክ ይህን ሪአክተር በያዘው በተሜሊን ማመንጫ የአሜሪካውን የዌስቲንግሃውስ ነዳጅ ይዛ ብትጀምርም፣ ጥቅሎቹ እየጠመሙ ስላስቸገሩ በ2010 ወደ ሩሲያው ቲቪኤል ተመለሰች፤ በ2022 ደግሞ ከምዕራባውያን አቅራቢዎች ጋር እንደገና ተዋዋለች። ዩክሬን ሌላ አቅራቢ መፈተን የጀመረችው በ2005 ነው፤ በ2012 ጥቅሎቹ ተጎድተው ንድፉ እንደገና መሠራት ነበረበት። ሌላ አገር የሠራው ነዳጅ በአንድ ሪአክተር ውስጥ እንዲታመን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ወስዷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ዘንግ በሪአክተር ውስጥ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ይቆያል፣ ከዚያም ቀዝቅዞ እስኪመረመር ሌላ ዓመታት ይፈልጋል። ይህን ጊዜ ኮምፒውተር ሊያሳጥረው ይችላል፤ ሊያስቀረው ግን አይችልም።

በመስከረም 2025 ኢትዮጵያና ሩሲያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር በሞስኮ ተፈራርመዋል። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጡት ድርድሮች ስለ ሜጋዋትና ስለ ብድር ብቻ ከሆኑ ዋናው ጥያቄ ይዘለላል። ተደራዳሪዎቻችን የሽፋኑ ቅይጥ የትኛው እንደሆነ፣ ለምን ያህል ጊጋዋት-ቀን እንደተፈተነ፣ ውጤቱን የአገራችን ተቆጣጣሪ ራሱ ማየት ይችል እንደሆነ፣ ሁለተኛ አቅራቢ መኖር አለመኖሩንና ያገለገለውን ዘንግ ማን መልሶ እንደሚወስድ አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። ጉዳዩን የሚከታተል አንባቢም እነዚህን መልሶች እንዲሰጡት ይጠይቅ።